«ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ነው ይላል፤ እንሂድ ወይስ እንቅር?»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ፦

«ከባለቤቴና ከስምንት ዓመት ልጃችን ጋር የምንኖረው አውስትራሊያ ነው። ልጃችን ለእንስሳት ነፍሷን ትሰጣለች። ለእሷ ብለን በጥቅምት ኒው ዚላንድ ልንሄድ ካምፐርቫን፣ ማለትም ውስጡ የሚታደርበት መኪና፣ ተከራይተናል። ሰባት ሌሊት ነው። ከክራይስትቸርች ተነስተን በደቡቡ ደሴት ምዕራብ ዳርቻ እንወርዳለን። ፑናካይኪን፣ የበረዶ ግግሮቹን፣ ሃስትንና ዋናካን እናያለን። ከዚያ ሚልፎርድ ሳውንድ ደርሰን እንመለስና መኪናውን ኩዊንስታውን እናስረክባለን። አሁን አሥር ቀን ሲቀረን ትንበያው ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ነው አለ። ባለቤቴ ‹የከፈልነው ይቅር፣ ሌላ ጊዜ እንሄዳለን› ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ስለ ዝናቡ ሳወራ እሱ ስለ መኪናው ያወራል። ሰባት ሜትር ነው፣ ኋላው አይታይም፣ ቢጫር የምንከፍለው ብዙ ነው ይላል። እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ግን ከትንሽ መኪና ሌላ ነድቼ አላውቅም። ልጄ ደግሞ ፔንግዊን ሳላይ አልመለስም ብላለች። አንዷ ጓደኛዬ ኬያ የሚባል ወፍ የመኪና ጎማ ይበላል ብላ አስፈራርታኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ? ዝናብ ያጣላት ሚስት ነኝ።»

እህት ዓለም፣ ሂዱ።

መልሱን ያስቀደምኩት ጊዜ ስለሌላችሁ ነው። ግን ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ሰርዙልኝ። ሚልፎርድን። ከኩዊንስታውን ሚልፎርድ መሄጃው ብቻ ወደ 290 ኪሎ ሜትር ነው። መመለሻውም ያው ነው። ቦታው ውብ ነው፣ አልክድም። ግን በሰባት ሌሊት ውስጥ እሱን ከጨመራችሁ የቀረው ጉዞ በሙሉ ሩጫ ይሆናል። በዝናብ ደግሞ ሩጫ አይሆንም። ደብዳቤሽን ሳነብ ከደመናው ይልቅ ያስፈራኝ ይሄ ዝርዝር ነው።

እስቲ ስለ ዝናቡ እናውራ። ከታዝማን ባህር የሚነሳ እርጥብ ነፋስ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ፊት ለፊቱ ሳውዘርን አልፕስ የሚባለው የተራራ ሰንሰለት ደረቱን ሰጥቶ ቆሟል። ነፋሱ ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ የተሸከመውን ውሃም እዚያው ያራግፋል። ስለዚህ ዳር ላይ ያለችው ሆኪቲካ በዓመት 2,900 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ከተራራው ጀርባ ያለችው ክራይስትቸርች ግን 600 ገደማ ብቻ ነው የሚደርሳት። ከሆኪቲካ ወደ ተራራው ገባ ብሎ ክሮፕ የሚባል ወንዝ አለ። እዚያ በዓመት ከ11,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርዳል። አሥራ አንድ ሜትር! ባለሦስት ፎቅ ቤት ቁመት ማለት ነው።

አትደንግጪ። ይሄ ሁሉ ውሃ የሚወርደው ባብዛኛው በዶፍ ነው። ይመጣል፣ ጣሪያውን ይደበድባል፣ ያባራል። ከዚያ ፀሐይ ትወጣና ጫካው ይጨሳል። ሆኪቲካ በዓመት የምታገኘው የፀሐይ ሰዓት በደቡብ ጫፍ ካለችው ኢንቨርካርጊል ይበልጣል። ስልክሽ ላይ የተደረደሩት ሰባት የደመና ሥዕሎች ይሄን አይነግሩሽም። በዚያ ላይ የአሥር ቀን ትንበያ ለዚያ አገር ከግምት ብዙም አይሻልም። ሦስት ቀን ሲቀራችሁ ሜትሰርቪስ የሚባለውን የአገሩን የአየር ትንበያ ተቋም ገጽ ክፈቺ። ‹ዌስትላንድ› የሚለውን አካባቢ ፈልጊ። ብርቱካናማ ወይም ቀይ የከባድ ዝናብ ማስጠንቀቂያ ካለ፣ ያኔ ባለቤትሽ ልክ ነው። አንድ ሁለት ቀን ክራይስትቸርች ቆይታችሁ አሳልፉት። ማስጠንቀቂያ ከሌለ ዝናብ ብቻ ነው።

‹ሌላ ጊዜ› የሚለው ሐሳብም ዋጋ አለው። ጥቅምት እዚያ ጸደይ ነው፤ ለዚያ ዳርቻ ዝናብ የሚበዛበት ወቅት። የካቲት ላይ ብትሄዱ ዝናቡ ይቀልላችኋል። ግን ልጅሽ የምትፈልጋቸው ፔንግዊኖች ጫካ ውስጥ ጎጆ ይዘው ጫጩት የሚያሳድጉት ከሐምሌ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ዝናቡንና ፔንግዊኑን ለይታችሁ መውሰድ አትችሉም።

የራሴን ልንገርሽ። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ከግሬይማውዝ ዋናካ በአንድ ቀን ነዳሁ። ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዝናቡ አላቆመም፣ እኔም አላቆምኩም። ከዚያ ቀን የማስታውሰው የዝናብ መጥረጊያውን ድምፅ ነው። ልጆቹ ከኋላ ተኝተው ነበር። ማታ ‹ምን አያችሁ?› ብላቸው ትልቁ ‹ጭነት መኪና› አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰዓት ሙሉ አንድ ጭነት መኪና ጭራ ተከትለን ሄደናል። ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ከፎክስ ግላሲየር በስተደቡብ ናዳ ወርዶ መንገዱ ተዘጋ። አንድ ቀን ተኩል ባለንበት ቀረን። መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ሻይ አፈላን፣ ካርታ ተጫወትን፣ ሲያባራ ወጣ እያልን በእግራችን ዞርን። እስከ ዛሬ ልጆቹ የሚያወሩት ስለዚያ አንድ ቀን ተኩል ነው።

ስለዚህ ዕቅዱን እንዲህ አቅልሉት። የመጀመሪያው ቀን አጭር ይሁን። ከክራይስትቸርች 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድታችሁ አርተርስ ፓስ መንደር ላይ ቁሙ። በማግስቱ ፑናካይኪ ግቡ፤ እዚያ ሁለት ሌሊት። ከዚያ ሆኪቲካ ወይም ኦካሪቶ አንድ ሌሊት። ከዚያ ከፎክስ ግላሲየር እስከ ሃስት ባለው መሃል ሁለት ሌሊት። የመጨረሻዋን ዋናካ እደሩ። ከዋናካ ወደ ኩዊንስታውን አጭሩ መንገድ ክራውን ሬንጅ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ጠመዝማዛ ነው። ተዉት። በክሮምዌል በኩል ዙሩ፤ ይረዝማል፣ ግን ሆድ አያገለብጥም።

ፑናካይኪ ሁለት ሌሊት ያልኩት በምክንያት ነው። እዚያ እንደ ቂጣ የተደራረቡ የኖራ ድንጋይ ገደሎች አሉ። ባህሩ ከሥር እየገባ በድንጋዩ ቀዳዳ ወደ ላይ ይተፋል። ይሄ ትርዒት የሚያምረው ማዕበል ሲሞላና ከደቡብ ምዕራብ ባህሩ ሲናወጥ ነው። ጸጥ ባለ ፀሐያማ ቀን የሄደ ሰው ድንጋይ አይቶ ይመለሳል። መጥፎ አየር የምትሉት ለእዚያ ቦታ ጥሩ አየር ነው። ማዕበሉ የሚሞላበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ። የእግር መንገዱ ሃያ ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ብትሄዱም አይከብድም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ዝናብ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። እሱ ያለው ሰባት ሜትር፣ ኋላው አይታይም፣ ቢጫር እንከፍላለን ነው። ሰውዬው ዝናብ የሚጠላ አልመሰለኝም። መኪናውን ፈርቷል። ብቻውን ሹፌር ነው፤ ሚስትና ልጅ ጭኖ፣ ነድቶት በማያውቀው ርዝመት፣ በማያውቀው መንገድ፣ በዶፍ ሊነዳ ነው። እኔም ብሆን ‹ገንዘቡ ይቅር› እል ነበር። ያለ ሃፍረት የሚባለው ሰበብ እሱ ነው።

‹ፈርተሃል› አትበይው። ‹በቀን ስንት ሰዓት መንዳት ይበቃሃል?› ብለሽ ጠይቂው። ሁለት ካለ ሁለት ይሁን። ያቀለልኩላችሁ ዕቅድ ከአንድ ሁለት ቀን በቀር በዚያ ልክ ነው። ከዚያ ‹እኔንም ሁለተኛ ሹፌር አድርገህ አስመዝግበኝ› በይው። ውሉ ላይ ስምሽ ከሌለ መድኑ አይሸፍንሽምና ይሄን አትርሺ። ተራራውን እሱ ይንዳ። ከሆኪቲካ በስተደቡብ ሮስ ድረስ ያለው መንገድ ሜዳ ነው። እዚያ አንቺ ያዢ። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ግን ከዚያ በኋላ ብቻውን አለመሆኑን ያውቃል።

መኪናውን የተረከባችሁ ዕለት ወዲያው መንገድ አትግቡ። ባዶ ማቆሚያ ፈልጋችሁ አንድ ሰዓት ተለማመዱ። ሁለታችሁም። ስትታጠፉ ጭራው ወዴት እንደሚወጣ እዩ። ወደ ኋላ ስትሄዱ ሁሌ አንድ ሰው ወርዶ ይቁም፤ በመስታወት የሚታይበት ቦታ ላይ። ቁመቱን በወረቀት ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉት። የኪራይ ውሉንም አንብቡት። ጣሪያና ከሥር የሚደርስ ጉዳት፣ ጠጠር መንገድና ውሃ ማቋረጥ ብዙ ጊዜ ከመድኑ ውጪ ናቸው። ተጨማሪውን መድን ግዙት። በሌላ ነገር ቆጥቡ። ለባለቤትሽ የሚገዛለት እንቅልፍ ነው።

መንገዱ ላይ የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ነው። ጣሪያ ነው አልኩ። በዝናብ፣ በዚያ ክብደት፣ ከዚያ በጣም ዝቅ ብላችሁ ሂዱ። ከኋላችሁ መኪና ሲሰለፍ በቂ ቦታ ባገኛችሁበት ዳር ይዛችሁ አሳልፏቸው። የአገሩ ሰው ይሄን ካደረጋችሁለት አመስግኗችሁ ያልፋል፤ ካላደረጋችሁለት ኩርባ ላይ ለመቅደም ይሞክርና ሁላችሁንም ያስደነግጣል። አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ ድልድዮች ብዙ ናቸው። ከድልድዩ በፊት ሁለት ቀስት ያለበት ምልክት አለ። በእናንተ አቅጣጫ ያለው ቀስት ትንሽና ቀይ ከሆነ ቅድሚያው የሌላው ነው፤ ቁሙ። ቅድሚያው የናንተ ሲሆንም እያያችሁ ግቡ። ከአርተርስ ፓስ ጫፍ 920 ሜትር ላይ ተነስታችሁ ወደ ኦቲራ ስትወርዱ ደግሞ ቁልቁለቱ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተ 440 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ በገደል ላይ ያሳልፋችኋል። ማርሹን ቀንሳችሁ ውረዱ። ፍሬን ላይ ቆማችሁ ከወረዳችሁ ይግላል።

መንገድ የመዘጋቱን ነገር በቁም ነገር ያዙት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2019 በክሮፕ ወንዝ አካባቢ በ48 ሰዓት ውስጥ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ። ፍራንዝ ጆሴፍ አጠገብ ያለውን የዋይሆ ድልድይ ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው። አዲስ ተገጣጣሚ ድልድይ ተሠርቶ መንገዱ የተከፈተው ከ18 ቀን በኋላ ነው። እንዲህ ያለው በየዓመቱ አይመጣም። ግን ናዳና የወደቀ ዛፍ ይመጣል። የዚያ ዳርቻ መንገድ አንድ ነው፣ ቁጥር 6። ከፍራንዝ ጆሴፍ ዋናካ በሃስት በኩል 285 ኪሎ ሜትር ነው። ሃስት ከተዘጋ ወደ ኋላ ተመልሶ ተራራውን ዞሮ ለመድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል።

ስለዚህ ዋካ ኮታሂ የሚባለው የመንገድ መሥሪያ ቤት መንገዶች ክፍት መሆናቸውን የሚያሳይ ካርታ አለው። ጠዋት ጠዋት ቡና ሳትጠጡ በፊት እሱን ተመልከቱ። ነዳጅ ከግማሽ በታች አይውረድ። በተለይ ፎክስ ግላሲየር ላይ ሙሉ፤ ከዚያ ሃስት ድረስ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስልክም በብዙ ቦታ አይሠራም፤ ካርታውን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት። የሁለት ቀን ምግብ ሁልጊዜ በመኪናው ውስጥ ይኑር። መንገድ ላይ የሚሄድ ውሃ ካያችሁ ጥልቀቱን ለመገመት አትሞክሩ። ቁሙና ተመለሱ። ወንዝ ዳር ጠጠር ላይ አቁሞ ማደርም አይታሰብ። እናንተ ጋ ሳይዘንብ ተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል።

ለማደሪያ የተፈቀደ ቦታ ብቻ ተጠቀሙ። ሜዳ ላይ እንደፈለጋችሁ ማደር ድሮ ቀረ። መጸዳጃው ከመኪናው ጋር የተያያዘ፣ ውሃና ቆሻሻውን ራሱ የሚይዝ መሆኑን የሚያረጋግጥ አረንጓዴ ወረቀት መኪናው ላይ መለጠፍ አለበት። ስትረከቡ እዩት። ደንብ የጣሰ ይቀጣል። በዝናብ ሳምንት ግን ቢያንስ በየሁለት ቀኑ ልብስ ማድረቂያና ሙቅ ሻወር ያለበት የካምፐርቫን መናኸሪያ ውስጥ እደሩ። የምትቆሙበትን መሬትም በእግራችሁ ርገጡት። ሣሩ ከጨቀየ ጠጠር ወይም አስፋልት ላይ አቁሙ። ያንን ከባድ መኪና ከጭቃ ለማውጣት መታገል ቃል በቃል ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ውስጡን በተመለከተ አንድ ጠላት ብቻ ነው ያላችሁ፤ እርጥበት። ሦስት ሰው ሲተነፍስ ያድራል፣ ድስት ይፈላል፣ ጃኬት ይንጠባጠባል። ጠዋት መስኮቱ ያልበዋል፤ ፍራሹ ሳይቀር ይረጥባል። መድኃኒቱ የሚገርም ነው። ብርድ ቢሆንም ጣሪያ ላይ ያለውን መስኮት ጣት በምታህል ክፍተት ከፍታችሁ እደሩ። ስታበስሉ ክዳን ተጠቀሙ፣ አየር ማስወጫውን አብሩ። እርጥብ ልብስ ሻወር ክፍል ውስጥ ብቻ ይሰቀል፤ አልጋው ጋ አይድረስ። ጠዋት መስታወቱን በፎጣ ጥረጉና ፎጣውን ውጭ ጭመቁት። አንድ ነገር ደግሞ በጭራሽ አይደረግ፤ በጋዝ ምድጃው ቤቱን ማሞቅ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ማሞቂያ ያለው መኪና መሆኑን ጠይቁ። ጋዝና ጭስ የሚጠቁመው መሣሪያም መሥራቱን ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩት።

አሁን የልጅሽ ተራ ነው።

መጀመሪያ የምታገኟቸው ኬያዎችን ነው፤ አርተርስ ፓስ ላይ። በበረዷማ ተራራ የሚኖር በቀቀን ነው፣ ወይራ የመሰለ አረንጓዴ፣ ከክንፉ ሥር ብርቱካናማ። ጎማ ይበላል የተባለው ግነት ነው። ግን የመስኮት ዙሪያ ላስቲክ ይነቅላል፣ የዝናብ መጥረጊያ ይጎትታል፣ አንቴና ይቆለምማል። ተንኮል አይደለም፤ ልክ እንደ ሁለት ዓመት ልጅ ሁሉን ነገር መፍታት ይወዳል። ወደ ሚልፎርድ በሚወስደው መንገድ ላይ የሥራ ምልክቶችን እየጎተቱ መንገድ መሃል ሲያደርጉባቸው፣ ሠራተኞቹ ኬያዎቹ የሚጫወቱበት ጂም ሠሩላቸው። እውነቴን ነው። እናንተ መስኮት ዝጉ፣ ውጭ ምንም አትተዉ፣ ብዙ አትቆዩ። ስትነሱ ከመኪናው ሥርና ላይ አለመኖራቸውን እዩ።

እና ምንም አታብሏቸው። ይሄን ለልጅሽ ከአውሮፕላን ሳትወርዱ ንገሪያት፤ እኛ የወደድነውን ማጉረስ ልማዳችን ነውና። በድሮ ጊዜ ኬያ በግ ይገድላል ተብሎ ምንቃሩን ላመጣ ሰው ጉርሻ ይከፈል ነበር። ወደ 150,000 ኬያ እንደተገደለ ይገመታል። ሙሉ ጥበቃ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ዛሬ በዱር የቀሩት ከ3,000 እስከ 7,000 ቢሆኑ ነው። አሁን ደግሞ የሚጎዳቸው የእኛ ጉርሻ ነው። ድንች ጥብስ የለመደ ኬያ መኪና ማቆሚያ አይለቅም። ከዚያ ወይ ጎማ ሥር ይገባል፣ ወይ የአሮጌ ቤት ጣሪያ ላይ ያለውን እርሳስ ሲቆረጥም ይመረዛል።

አቆስጣዎችን፣ እነዚያን የባህር አጥቢ እንስሳት፣ የምታዩት ከፑናካይኪ በቀን ሄዳችሁ ስትመለሱ ነው። ፉር ሲል ይሏቸዋል። ዌስትፖርት አጠገብ ኬፕ ፋውልዊንድ የሚባል ቦታ አለ። ካፒቴን ኩክ እ.ኤ.አ. በ1770 መርከቡን ነፋስ እየመለሰ ሲያስቸግረው ‹የክፉ ነፋስ ጫፍ› ብሎ ሰየመው። እዚያ ታውራንጋ ቤይ ላይ ከፍ ያለ መመልከቻ ተሠርቷል፤ አቆስጣዎቹ ከሥር ድንጋይ ላይ ተኝተው፣ ሲጣሉ፣ ሲነክሱና ሲያንኮራፉ ታዩዋቸዋላችሁ። ዝናብ አያሸሻቸውም፤ ድሮም እርጥብ ናቸው። ሌላ ቦታ፣ በባህር ዳር ስትሄዱ በድንገት ካገኛችሁ 20 ሜትር ራቁ። በእንስሳውና በባህሩ መካከል በፍጹም አትቁሙ። መሸሻው ነው። ሲተኛ ጆንያ ይመስላል፣ ሲሮጥ ግን ታፍሪያለሽ።

ፔንግዊን ሁለት ዓይነት ነው ሊያጋጥማችሁ የሚችለው። ትንሹ ኮሮራ ይባላል። ከዓለም ፔንግዊኖች ሁሉ ትንሹ ነው፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ። ሲመሽ ከባህር ይወጣል፤ አንዳንዱ መንገድ አቋርጦ ነው ጎጆው የሚገባው። ስለዚህ በባህር ዳሩ መንገድ ሲጨልም አትንዱ። አሁን ሌላ ምክንያት አገኘን ለባለቤትሽ፤ ሳይመሽ መቆም ለፔንግዊንም ጥሩ ነው። ባህር አጠገብ ካደራችሁ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ጎማ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

ትልቁ ታዋኪ ነው። ቅንድቡ ላይ ቢጫ ላባ አለው፣ የተቆጣ ሽማግሌ ያስመስለዋል። ከሃስት ሰሜን፣ ሞዬራኪ ሐይቅ ጋ መኪናችሁን አቁማችሁ ሞንሮ ቢች ወደሚባል ባህር ዳር በእግር ትሄዳላችሁ። በጫካ ውስጥ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፣ አንድ ጉዞ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ቀድማችሁ ፎክስ ወይም ሃስት ላይ ጠይቁ፤ ከከባድ ዝናብ በኋላ አይሞከርም። ታዋኪዎች ማለዳና አመሻሽ ላይ ነው በባህር ዳሩ የሚያልፉት። እና ዓይን አፋር ናቸው። አሸዋው ላይ ሰው ቆሞ ካዩ ከውሃ አይወጡም። ጫጩቱ ጫካ ውስጥ እየራበው እናት ባህር ላይ ትጠብቃለች፣ ሰው እስኪሄድ። ስለዚህ መንገዱ ከጫካ የሚወጣበት አጠገብ ዛፉን ተደግፋችሁ ቁጭ በሉ። አትነጋገሩ። አትነሱ። ደማቅ ቀለም ያለው ጃኬት አትልበሱ። ለመመለሻው የእጅ ባትሪ ያዙ።

እኛ ሃምሳ ደቂቃ ጠብቀናል። ካፊያው በጃኬቴ አንገት እየገባ ነበር። አንዱ ልጅ ‹ሽንቴ መጣ› ማለት ሲጀምር ማዕበሉ አንድ ጥቁር ነገር አሸዋው ላይ ጣለ። ተነሳ፣ ክንፎቹን አራገፈ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ ከዚያ ከሥራ አርፍዶ እንደሚገባ ሰው ቸኩሎ ጫካው ውስጥ ገባ። ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ልጆቹ ትንፋሽ አልነበራቸውም። ሽንት ያለውም ረስቶታል።

ስለዚህ ላንቺና ለልጅሽ የቤት ሥራ አለኝ። አሥር ቀን አላችሁ። ዛሬ ማታ ሰዓት ይዛችሁ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ነገ ሰባት ደቂቃ። ያየችውን ሁሉ በደብተር ትጻፍ፤ ድመትም ቢሆን ጉንዳን። ስትሄዱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ትችላለች። ፔንግዊን ይመጣል ብለሽ ግን ቃል አትግቢላት። ‹እንጠብቀዋለን› በያት።

ሳንድፍላይ የሚባሉ ጥቃቅን ነካሽ ዝንቦችም አሉ፤ እነሱ ሳትጠብቋቸው ይመጣሉ። ሲጨልም ይተዋሉ፤ ዶፍ ሲወርድም እንዲሁ። እንደውም ዝናቡን የምታመሰግኑበት ሰዓት ይመጣል። ረጅም ካልሲ፣ የሚቀባ መከላከያ፣ በሩን ቶሎ መዝጋት። ሌላ መላ የለውም።

ሊረሳኝ ነበር። የልጅሽን ጫማ በር ላይ አታሳድሩት። ዌካ የሚባል ቡናማ፣ መብረር የማይችል ወፍ አለ፣ ዶሮ ያህላል። ሌሊት አንዱን እግር ይዞ ጫካ ይገባል። እኛ የግራውን እስከ ዛሬ አላገኘነውም።